የቤት ጥንቸል ምን ትብላ? ጤናዋስ በምን ይታወቃል?

ጥንቸል የሚያሳድጉ ሰዎች መላልሰው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ካሮቱም ጎመኑም ተጓድሎባት አያውቅም፤ ታዲያ ለምንድን ነው ቶሎ ቶሎ የምትታመምብኝ?» ይሉኛል። እኔም መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ድርቆሽ አላት ወይ?» ብዬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የላትም። ወይም እንደ ምንጣፍ ከሥሯ ትንሽ ጣል ተደርጎላታል እንጂ እንደ ምግብ አልቀረበላትም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጥንቸል ሳር በል እንስሳ ናት። አንጀቷ ሌት ተቀን መንቀሳቀስ አለበት፤ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የሳር ፋይበር ነው። ፋይበሩ ሲያንስ አንጀቱ ይዘገያል። ሲዘገይ ጋዝ ይሞላል። ጋዙ ሲያማት መብላት ትተዋለች። መብላት ስትተው አንጀቱ ጭራሽ ይቆማል። ስለዚህ ከምግቡ እንጀምርና ወደ ምርመራው፣ ከዚያም ወደ ድንገተኛው ሕመም እንሄዳለን።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- በደንብ የደረቀ የሳር ድርቆሽ፣ ሁልጊዜ ከበቂ በላይ
- በቀላሉ የማይገለበጥ ከባድ የውሃ ሳህን
- ለጥንቸል የተዘጋጀ እንክብል መኖ (ፔሌት)
- የወጥ ቤት ሚዛንና ትንሽ ደብተር
- የእጅ ባትሪ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ ለስላሳ ብሩሽ
- ለመጸዳጃ የሚሆን ዝቅ ያለ ሳፋ
- የበቆሎ ስታርች (ጥፍር ስትቆርጡ ደም ቢመጣ ለማቆም)
- የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥር

የመጨረሻውን አትናቁት። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ጥንቸል አያክምም። ጥንቸል የሚያይ ሐኪም የምትፈልጉት ጤነኛ እያለች ነው፤ ከታመመች በኋላ ፍለጋ ቢጀመር ጊዜ አይበቃም።

1. ድርቆሹን ሌት ተቀን አታጉድሉባት

ከምትበላው ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ድርቆሽ ወይም ሳር መሆን አለበት። ለድርቆሽ ልክ የለውም። በቀን ቢያንስ የራሷን አካል የሚያህል ክምር አቅርቡላት፤ ሲያልቅ ጨምሩ።

አንደኛው ምክንያት አንጀቷ ነው፤ ከላይ ተናግሬዋለሁ። ሁለተኛው ጥርሷ ነው። ጥንቸል 28 ጥርስ አላት፤ ሁሉም ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ። የፊት ጥርሷ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህን እድገት የሚቀንሰው ማኘክ ነው። ሳር ስታኝክ መንጋጋዋ ወደ ጎን እየሄደ እየተመለሰ የኋላ ጥርሶቿን እርስ በርስ ይሞርዳቸዋል። ፔሌትና ካሮት ስትበላ ግን ሰብራ ትውጣለች፤ መንጋጋው ያን ያህል አይሠራም። ያልተሞረደ የኋላ ጥርስ እሾህ አውጥቶ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋል። ያኔ እየራባት እንኳ አትበላም።

ድርቆሽ ስትገዙ በእጃችሁ ዘግናችሁ አሽትቱት። ጥሩው የሳር ሽታ አለው፤ አረንጓዴነቱም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሻጋታ ሻጋታ የሚል፣ ስታራግፉት አቧራ የሚነሳው፣ እርጥበት የያዘው አይሆንም። ሻጋታ አንጀቷን፣ አቧራው ደግሞ ሳንባዋን ይጎዳል። ገዝታችሁ ስታስቀምጡም አየር በሚያስገባ ነገር ይሁን፤ ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ከቆየ ይሻግታል።

አልፋልፋ ከሌላው ድርቆሽ ይለያል። ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ብዙ ነው። ከ6 ወር በታች ላለች፣ ላረገዘች ወይም ለምታጠባ ጥንቸል ይጠቅማል። ላደገች ጥንቸል የዘወትር ምግብ ሲሆን ግን ያወፍራታል፤ ትርፉ ካልሲየምም በሽንቷ ስለሚወጣ ፊኛዋ ውስጥ አሸዋና ጠጠር ሊሠራ ይችላል።

እርጥብ ሳርም ግሩም ምግብ ነው፤ መድኃኒት ያልተረጨበትና ውሻ የማይጸዳዳበት ቦታ የበቀለ ይሁን እንጂ። በማሽን የታጨደ የግቢ ሳር ግን አትስጧት። ተፈጭቶ ስለሚከመር ወዲያው መሞቅና መፍላት ይጀምራል፤ ሆዷንም በጋዝ ይነፋዋል።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ድርቆሹን ከመጸዳጃ ሳፋው አጠገብ አድርጉት። ጥንቸል እየበላች መጸዳዳት ትወዳለች። ድርቆሹንም አብዝታ ትበላለች፤ ሳፋውንም ቶሎ ትለምዳለች።

2. ውሃ በሳህን ስጧት

ጥንቸል በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ትጠጣለች። 2 ኪሎ የምትመዝን ከሆነች እስከ 300 ሚሊ ሊትር ልትጠጣ ትችላለች ማለት ነው። የሚንጠለጠለው ጡጦ ይደፈናል፤ ጠብ ጠብ ስለሚልም ብዙ እንዳትጠጣ ያደርጋታል። በሳህን ከሆነ አጎንብሳ እንደ ልቧ ትጠጣለች። በየቀኑ አጥባችሁ ቀይሩላት። ውሃ ያጣ አንጀት ውስጥ ያለው ምግብ ይደርቃል፤ የደረቀ ምግብ ደግሞ አይንቀሳቀስም።

3. ቅጠላ ቅጠል በየቀኑ፣ ቀላቅላችሁ

ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ አንድ እፍኝ ያህል ይበቃል። ሰላጣ (ቅጠሉ ጠቆር ያለው)፣ የድንብላል ቅጠል፣ ናና፣ በሶብላ፣ የካሮት ቅጠል፣ የሰሌሪ ቅጠል ጥሩ ናቸው። አንድ ዓይነት ብቻ ከመደጋገም በቀን ሁለት ሦስት ዓይነት ቀላቅሉላት። ቆስጣና ስፒናች ኦክሳሌት የሚባል፣ ሲበዛ የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስለሚበዛባቸው አልፎ አልፎ ብቻ ይሁኑ። ጎመን አንዳንዷን ሆዷን ይነፋታል፤ በትንሹ ሞክራችሁ እዩ።

አዲስ ቅጠል ስታስለምዱ አንዱን ብቻ፣ ያውም በትንሹ ጀምሩ። ሁለት ዓይነት አንድ ላይ ሰጥታችሁ ቢያስቀምጣት የትኛው እንዳልተስማማት አታውቁም። ቅጠሉን ሁልጊዜ እጠቡት፤ የጠወለገ ወይም የበሰበሰ አይቅረብላት።

4. ፔሌቱን መዝኑ

ላደገች ጥንቸል በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 25 ግራም ያህል ነው ጣሪያው። ሳህን ሙሉ አትሙሉላት። ፔሌት ጣፋጭና ቶሎ የሚያጠግብ ስለሆነ ካገኘችው ድርቆሹን ዞር ብላ አታየውም። ከ6 ወር በታች ያሉት ግን በማደግ ላይ ስለሆኑ ከዚህ በላይ ያስፈልጋቸዋል።

ጥራጥሬ፣ የደረቀ ፍራፍሬና ፔሌት የተቀላቀለበት መኖ ይቅር። ጥንቸሏ ጣፋጩን እየመረጠች ፋይበር ያለውን ትተወዋለች። የዶሮና የከብት መኖም ለእሷ የተመጣጠነ አይደለም፤ መድኃኒት የተቀላቀለበትም ሊሆን ይችላል።

5. ካሮትና ፍራፍሬ እንደ ከረሜላ ይቆጠሩ

ጥንቸልና ካሮት በሥዕል አብረው ስለለመዱብን ካሮት ዋና ምግቧ ይመስለናል። ሥሩ ስኳር ይበዛበታል። ስኳሩ በአንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሚዛን ያዛባል። አንድ ቀጭን ቁራጭ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ፍሬ ያልወጣለት ፖም አይሰጣት፤ ሥጋው ራሱ ከአንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ አይብለጥ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፈጽሞ የማይሰጡ። አቮካዶ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ሩባርብ። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ሩዝና በቆሎም አይሰጡም። እነዚህ መርዝ ባይሆኑም ስታርቹ አንጀቷ ውስጥ ይፈላል። ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ አትችልም። አንዴ የዋጠችው ነገር በመጣበት አይመለስም፤ ለዚህ ነው ጥንቃቄው ከአፏ በፊት መሆን ያለበት።

6. ምግብ ስትቀይሩ አትቸኩሉ

እስከ ዛሬ በፔሌትና በካሮት የኖረችን ጥንቸል በአንድ ቀን ወደ ድርቆሽ አትገልብጧት። ከ7 እስከ 10 ቀን ውሰዱ፤ ፔሌቱን በየቀኑ ትንሽ ቀንሱ፣ ድርቆሹን አብዙ። የአንጀቷ ባክቴሪያዎች ከአዲሱ ምግብ ጋር ለመላመድ ጊዜ ይፈልጋሉ። በእነዚህ ቀናት ድርቆሹን በእርግጥ እየበላች መሆኗን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ካልበላች ፔሌቱን መቀነሱን አቁሙ።

7. በየቀኑ በጠጧን እዩ

የጥንቸልን ጤንነት እንደ በጠጧ የሚናገር ነገር የለም። ጠዋት ሳፋውን ስታጸዱ አንድ ሁለቱን አንሱና በጣታችሁ ስበሩት። ጤነኛው ድቡልቡል፣ መጠኑ ከሌሎቹ ጋር እኩል፣ ደረቅ ያለና ሽታ የሌለው ነው። ሲሰበር ውስጡ እንደ መጋዝ ብናኝ ይፈረፈራል፤ የተፈጨ ሳር በዓይን ይታያል።

ከዚህ የተለየ ካያችሁ እንዲህ ተርጉሙት፦

- አነስ አነስ ካለ፣ ከጠቆረና ከጠነከረ፦ ድርቆሽ ወይም ውሃ አንሷታል፣ ወይም የሚያማት ነገር አለ።
- በፀጉር ተያይዞ እንደ መቁጠሪያ ከተንጠለጠለ፦ ፀጉር እያራገፈች ነው፤ ብሩሹንና ድርቆሹን ጨምሩ።
- ቁጥሩ በድንገት ከቀነሰ፦ የሚከተሉትን ሰዓታት በንቃት ጠብቋት።
- ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከሆነ፦ በተለይ ግልገል ከሆነች ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ከዚህ ሌላ ለስላሳ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሽታ ያለውና ተጣብቆ የሚወጣ ዓይነት አለ። ይህ በሽታ አይደለም። ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለ ሰፊ ከረጢት ውስጥ በባክቴሪያ የተብላላ፣ ፕሮቲንና የቢ ቫይታሚኖች የሞሉበት ምግብ ነው። ጥንቸሏ ጎንበስ ብላ ከመቀመጫዋ በቀጥታ ትበላዋለች። አትከልክሏት፤ ያስፈልጋታል። መጨነቅ ያለባችሁ ሳትበላው ወለል ላይ ተረጋግጦ ወይም ፀጉሯ ላይ ተጣብቆ ስታገኙት ነው። ያኔ ወይ ፔሌቱና ጣፋጩ በዝቷል፣ ወይ ከውፍረት ወይ ከሕመም የተነሳ ጎንበስ ማለት አቅቷታል።

ስለ ሽንቷም ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ነጣ ብሎ መደፍረሱ የተለመደ ነው፤ ካልሲየም ነው። ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ሲሆንም አብዛኛውን ጊዜ ከቅጠሉ ቀለም የመጣ ነው። ደም ለብቻው ተለይቶ ከታየ፣ አሸዋማ ዝቃጭ ካለበት፣ ወይም እየተጨነቀች ከሸናች ግን ምርመራ ያስፈልጋታል።

8. በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ምርመራ

ጥንቸል አዳኝ የሚበዛባት እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች። ፊቷ ላይ ከመታየቱ በፊት በእጃችሁ ልትደርሱበት ይገባል።

ሀ) አያያዝ። አንድ እጃችሁን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫዋ ሥር አድርጋችሁ ወደ ሰውነታችሁ አስጠጓት። በጆሮዋ አታንሷት። በጀርባዋም አታስተኟት፤ ዝም የምትለው ከፍርሃት ነው። የኋላ እግሮቿ ብርቱ፣ አጥንቷ ግን ቀላል ስለሆነ ሳትደገፍ ብትራገጥ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። መሬት ላይ ቁጭ ብላችሁ ብትሠሩ ይመረጣል።

ለ) ክብደት። መዝናችሁ ጻፉት። ሳታስቡት 10 በመቶ ያህል ከቀነሰች ሌላ ምልክት ባይኖርም ሐኪም ይያት።

ሐ) ጥርስ። የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣታችሁ ወደ ጎንና ወደ ጎን ሳብ አድርጋችሁ ክፈቱት። የላይኞቹ የታችኞቹን በትንሹ ደርበው መቀመጥ አለባቸው። ከተጣመሙ ወይም ፊት ለፊት ከተጋጠሙ በትክክል አይሞረዱም። የኋላዎቹን ቤት ውስጥ ማየት አይቻልም፤ ግን አገጯ ረጥቦ ከሆነ፣ ምግብ ከአፏ ከወደቀ፣ ወይም ጠንካራውን ትታ ለስላሳውን ብቻ ከመረጠች ችግሩ እዚያ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ጥርስ በጥፍር መቁረጫ አይቆረጥም፤ ይሰነጠቃል። ለሐኪሙ ተዉት።

መ) ጆሮ። በባትሪ ወደ ውስጥ እዩ። ቡናማ ቅርፊት ከተደራረበ የጆሮ እከክ ነው። ቅርፊቱን አትላጡት፤ በጣም ያማታል። መድኃኒቱ ሲሰጣት ራሱ ይረግፋል።

ሠ) ዓይንና አፍንጫ። መርጠብና ፈሳሽ መኖር የለበትም። የፊት እግሯ የውስጥ ፀጉር ከተጣበቀ አፍንጫዋን ስትጠርግበት ነበር ማለት ነው።

ረ) የእግር ሥር። ጥንቸል እንደ ድመት መዳፍ የላትም፤ የሚጠብቃት ፀጉሯ ብቻ ነው። ተመልጦ ከቀላ ወለሉ ጠንክሮባታል፣ እርጥብ ነው፣ ወይም ወፍራለች።

ሰ) መቀመጫ። ይህኛው በሳምንት አይደለም፤ ሙቀት ባለበትና ዝንብ በበዛበት ወቅት በየቀኑ ይታያል። ዝንብ በቆሸሸ ፀጉር ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ በሰዓታት ውስጥ ተፈልፍሎ ትሉ ሥጋዋን መብላት ይጀምራል። ትል ካያችሁ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ሩጡ።

9. ፀጉርና ጥፍር

በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ ፀጉር በምታራግፍበት ጊዜ በየቀኑ ቦርሿት። ጥፍሯን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ቁረጡ። በጥፍሩ ውስጥ የሚያልፈውን የደም ሥር በባትሪ አይታችሁ ከእሱ ወዲህ ቁረጡ፤ ደም ከመጣ ስታርቹን ጫን አድርጉበት። ገላዋን አትጠቡ። ፀጉሯ ቶሎ ስለማይደርቅ ትበርዳለች፤ ድንጋጤው ራሱም ይጎዳታል። የቆሸሸውን ቦታ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉላት።

10. ማደሪያዋ

ወለሉ የሽቦ አይሁን፤ ሽቦ ከሆነም ጥቅጥቅ ያለ ምንጣፍ ይልበስ። ሳፋው ውስጥ ወረቀትና ድርቆሽ አድርጉ። ውሃ ሲነካው የሚጓጉለው የድመት አሸዋ አይሆንም፤ ከዋጠችው አንጀቷ ውስጥም ይጓጉላል። በየቀኑ ለሰዓታት የምትሮጥበት ቦታ ያስፈልጋታል፤ እንቅስቃሴ አንጀትንም ያንቀሳቅሳል። የኤሌክትሪክ ገመዶችን ሰውሩ።

ሙቀት ከቅዝቃዜ ይልቅ ይጎዳታል። ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን ጥላና ነፋሻ ቦታ አዘጋጁላት። ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰች ከተዘረጋችና ምራቋ ከወረደ፣ ጆሮዋን በቀዝቃዛ ውሃ (በረዶ ሳይሆን) እያረጠባችሁ ሐኪም ጥሩ።

11. ማምከንና ክትባት

ሴት ጥንቸል ሳትመክን ካረጀች የማህፀን ካንሰር በብዛት ያጠቃታል። ከ4 እስከ 6 ወር ዕድሜ በኋላ ማምከን ስለሚቻልበት ሁኔታ ሐኪሙን ጠይቁ። ወንድና ሴት አብረው ካሉ እርግዝናው አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው፤ በወለደች ማግስትም ልታረግዝ ትችላለች። ከቀዶ ሕክምና በፊት ምግብ አትከልክሏት። ስለማታስታውክ መጾም አያስፈልጋትም፤ ጾሙ ነው የሚጎዳት። ሚክሶማቶሲስና የጥንቸል ደም አፍሳሽ በሽታ የሚባሉት ገዳይ የቫይረስ በሽታዎች ባሉባቸው አገሮች ክትባቱ መዝለል የለበትም።

መብላት ካቆመች

ለ12 ሰዓት ያህል ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች ድንገተኛ አደጋ ነው። «ይደር፣ ጠዋት እናያለን» አይባልም። ተኮራምታ ከተቀመጠች፣ ጥርሷን ጮክ አድርጋ ካፋጨች፣ ሆዷ ከተነፋና ከጠነከረ 12 ሰዓቱንም አትጠብቁ።

1. ሐኪም ጋ ደውሉ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።
2. ጆሮዋን ንኩ። ከቀዘቀዘ በፎጣ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አጠገቧ አድርጉ። ጤናማ ሙቀቷ ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ አንጀቷም ይብሱን ይቆማል።
3. ሽታ ያለው ቅጠል (ናና፣ ድንብላል) እና ውሃ አቅርቡላት፤ እምቢ ካለች አታስገድዷት።
4. ሐኪሙ ሳያዝ በሲሪንጅ አታጉርሷት። አንጀቷ ተዘግቶ ከሆነ ወይም ሆዷ ተነፍቶ ከሆነ ተጨማሪ ምግብ ሊገድላት ይችላል።
5. ከቤት ያለ የሰው መድኃኒት አትስጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ መድኃኒት። አሞክሲሲሊን፣ ፔኒሲሊንና ክሊንዳማይሲን በአፍ ሲሰጡ የጥንቸልን ጠቃሚ ባክቴሪያ ስለሚጨርሱ ይገድሏታል። ለውሻና ለድመት ቁንጫ የሚቀባው ፊፕሮኒልም ለጥንቸል መርዝ ነው። «ለድመቴ ሠርቷል» ብሎ መቀባት የብዙ ጥንቸል ሞት ምክንያት ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- የተረፈ ድርቆሽ ስላለ አዲስ አለመጨመር። የተረፈው ቆሽሾባት ወይም አገዳው ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።
- ጨው ወይም ማዕድን የሚላስ ድንጋይ መግዛት። በድርቆሽና በፔሌት የምትመገብ ጥንቸል አያስፈልጋትም።
- ፔሌቱን ስትበላ አይቶ ደህና ናት ማለት። ጥርሷን ያመማት ጥንቸል ድርቆሽ ትታ ፔሌት ልትበላ ትችላለች፤ መለኪያው ድርቆሹ ነው።
- ሰውነቷ እየቀነሰ ፀጉሯ ሸፍኖት አለማወቅ። በእጅ ዳሱ፤ የጎን አጥንቷ በቀላሉ ይዳሰሳል እንጂ ሹል ሆኖ አይወጋም።
- ወደ ሐኪም ባዶ እጅ መሄድ። የዛሬውን በጠጥ በንጹሕ ላስቲክ፣ የክብደት ደብተሩን፣ የምትበላውን ድርቆሽና የለመደችውን ቅጠል ይዛችሁ ሂዱ። መጨረሻ የበላችበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።